የአባ ቀስታ የመጨረሻ ቃል

አባ ቀስታ የሞቱት እሑድ ጠዋት፣ ዕድሜ ልካቸውን ሹፌር ሲያሠለጥኑበት በኖሩት ግቢ ውስጥ ነው። ሬሳቸው የተገኘው ጎታች በሚባለው የፊተኛው መኪናና ከኋላው ሊታሰር በቆመው ተሳቢ መካከል፣ ሲሚንቶው ላይ ተዘርግቶ ነበር። ደረታቸው ተደፍጥጧል፤ ፊታቸውን ግን ምንም አልነካውም። የጭነት ድርጅቱ ማሠልጠኛ በሥራ ቀን በሞተርና በጩኸት ይናወጣል፤ እሑድ ግን ሁሉም ወደየቤቱ ስለሚሄድ ከበር ጥበቃውና ጥግ ላይ አንዲት ክፍል ከነበረቻቸው ከአባ ቀስታ በቀር ሰው አይገኝበትም።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ሳጅኑ ጉዳዩን ጨርሶ ጠበቃት። ሳጅኑ ነገር ማንጠልጠል አይወድም፤ ጠዋት የተጀመረ ምርመራ እስከ ምሳ ካላለቀ እህል አይዋጥለትም።

«ገዳዩ ተይዟል ኢንስፔክተር» አላት። «ሸምበቆ ይሉታል። እዚሁ ተምሮ፣ እዚሁ ተቀጥሮ፣ በመጠጥ የተባረረ ሹፌር ነው። ናፍጣ የሞላ ጀሪካን ተሸክሞ በጓሮ አጥር ሲዘል ሰዎች ያዙት። ሽማግሌው አይተውታል። ‹ያዝ! ያዝ!› ብለው ሲጮኹ ጥበቃው ሰምቶ ሌባ ፍለጋ በውጭ በኩል ሮጧል። ሲደነግጥ መኪናው ላይ ዘሎ ወጣና ወደ ኋላ ሄደባቸው።»

«ጀሪካኑን ምን አድርጎት?»

«መሬት አስቀምጦት ነዋ።»

«ሰው ገደለ፣ ወረደ፣ ተመልሶ ጀሪካኑን አነሳ፣ ከዚያ አጥር ዘለለ።»

«ሌባ ምን ልብ አለው ብለው ነው?»

ኢንስፔክተሯ በርከክ ብላ የሟቹን ራስ ተመለከተች። ከራሳቸው ሥር፣ ቁመታቸው ያጠረ ሠልጣኞች መንገዱ እንዲታያቸው የሚቀመጡበት የስፖንጅ ትራስ አለ። ቦታው የሹፌሩ ወንበር ላይ ነበር።

«ይህን ያንተራሷቸው እናንተ ናችሁ?»

«እኛ አልነካናቸውም።»

ቀጥላ አቧራው ላይ የጎማውን ዱካ አየች። መኪናው ወደ ኋላ ሄዶ ሽማግሌውን ከተሳቢው ጋር አጣብቋል፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብሎ ለቋቸዋል። ሞተሩ ጠፍቷል፤ የእጅ ፍሬኑም ተስቧል።

«እግሬ አውጪኝ የሚል ሰው» አለች እየተነሳች፣ «መኪናውን ፈቀቅ አድርጎ፣ ሞተር አጥፍቶ፣ ለገደለው ሰው ትራስ አንተርሶ ነው የሚሸሸው?»

ሳጅኑ ሰዓቱን አየ። ምሳው ችግር ላይ መውደቁ ገብቶታል።

የአባ ቀስታ ክፍል ጠባብ ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ወንበር። ኢንስፔክተሯ እንዲህ ያለ ክፍል ታውቃለች፤ የራሷ ቤት በሁለት መስኮት ቢበልጥ ነው። ዓይኗን የያዘው ግን ሌላ ነገር ነው። ሽማግሌው የሞቱት ጢማቸውን ተላጭተው፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው ነው። ማንም በማይመጣበት ቀን፣ ማንም በሌለበት ግቢ፣ ማን ይየኝ ብለው ነው የተሽሞነሞኑት? እሷ እሑድ እሑድ ማበጠሪያም አታነሳም።

ሸምበቆን በማግስቱ እስር ቤት አገኘችው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይኑ ያበጠ ሰው ነው። ዓርብ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው፤ ሳጅኑ ወረቀቱን አሰናድቶለታል።

«ናፍጣውን አምናለሁ» አላት። «ነፍስ ግን አላጠፋሁም። መሪ ያስጨበጡኝ እኮ እሳቸው ናቸው። የተባረርኩ ጊዜ እንኳ ሁሉም ፊቱን ሲያዞርብኝ ‹ጠጥተህ አትምጣ እንጂ ና› ያሉኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ።»

«ጩኸቱን ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ። እኔን ያዩኝ መስሎኝ ነው የሮጥኩት።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ሞተር ይሠራ ነበር። ቆየት ብሏል። አባ ቀስታ መኪናውን እያሞቁ ነው አልኩና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።»

«ወደ ምን ሥራህ?»

«ወደ ስርቆቴ ነዋ ኢንስፔክተር።» ፈገግ ሊል ሞከረና ፊቱ ተጨማደደ። «ልጄ ትምህርት ቤት ናት። የነፍሰ ገዳይ ልጅ ሲሏት ምን ትመልሳለች? እስቲ ይንገሩኝ።»

ሞተሩ ከጩኸቱ በፊት ሲሠራ ከነበረ መሪው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ሸምበቆ ቢዋሽ ኖሮ ደግሞ ‹መሪው ላይ ሌላ ሰው አየሁ› ይል ነበር። ኢንስፔክተሯ ከዚያ ወጥታ በቀጥታ ወደ ጥበቃው ሄደች። ምራቃቸውን የዋጡ፣ ለሥርዓት የሚጨነቁ ሽማግሌ ናቸው።

«ጋሼ፣ የሰሙትን እንዳለ ይንገሩኝ። ምን አሉ?»

«‹ያዝ! ያዝ!› አሉ።»

«በጆሮዎ የገባው ልክ እሱ ነው?»

ጥበቃው ኮፍያቸውን አወለቁና እንደገና አጠለቁት። «እውነቱን ለመናገር በጆሮዬ የገባው ‹ያዢ! ያዢ!› የሚል ነው። ግን እኔን ወንዱን ‹ያዢ› ሊሉኝ አይችሉም። ስለዚህ ለሳጅኑ ስነግር አስተካክዬ ነገርኩት።»

«አስተካክለው?»

«ሰዋስዉን ማለቴ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አፈናት፤ ወዲያው ግን ለቀቃት። በዚች እርማት ምክንያት አንድ ሰው እስር ቤት አድሯል።

«በሩ ላይ ያለፈ ሰው ነበር?»

«በዚህ በኩል ማንም። የጓሮውን የሽቦ በር ግን አባ ቀስታ ራሳቸው ናቸው የሚከፍቱት የሚዘጉት። ለማን እንደሚከፍቱ እኔ ምን አውቃለሁ?»

ሳጅኑ ይህን ሲሰማ ተበሳጨ፤ መቼም ጨዋ ነውና ጣቱን እያጠፈ ይቆጥር ጀመር። «እንግዲህ ሴት ከሆነች በሟቹ ዙሪያ ያሉት ሦስት ናቸው። አንደኛዋ የፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻ ማሽኑ፣ አሠልጣኟ፤ ሹካ ነው የሚሏት። የከባድ መኪና ፈተና ደጋግመው ስለጣሏት ጠባቸው በግቢው የታወቀ ነው። ሁለተኛዋ ልጃቸው፤ የረጅም መንገድ ሹፌር ናት፤ ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። ሦስተኛዋ የመንገድ ሕግ የምታስተምረው የክፍል መምህሯ ናት፤ እሷን ይተዉዋት።»

«ለምን እተዋታለሁ?»

«አባ ቀስታ ‹እርስዎ› ነው የሚሏት። ስብሰባ ላይ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ሁሉም ሰው ሰምቷል። መምህሯ ብትሆን ኖሮ ‹ይያዙ!› ነበር የሚሉት።»

ይህ እንኳ ከሳጅኑ አፍ ለወጣ ነገር ብልህነት ነበረው። ኢንስፔክተሯም አልናቀችውም።

ሹካ አጭር፣ ደንዳና፣ ነገር የማታቆይ ሴት ናት። መጋዘን ውስጥ ዕቃ ከመደርደሪያ እያወረደች ነው ያነጋገረቻት፤ ማሽኑንም አላጠፋችም።

«ጠልቼያቸው ነበር፣ አልዋሽም» አለች። «ወደ ኋላ ስሄድ ትንሽ ከተንጋደድኩ ይጥሉኛል። አሁን አለቅሳለሁ እንጂ ያኔ ረግሜያቸዋለሁ።»

«ከመኪናው ኋላ ቆመው ‹ያዢ› ሲሉሽ ምን ማለታቸው ነው?»

ሹካ እንደ ሞኝ አየቻት። «ፍሬን ነዋ! ፍሬን ያዢ። ወደ ኋላ ስትሄጂ ‹ነይ፣ ነይ፣ ነይ› ይሉሻል፤ ሲበቃ ‹ያዢ!› ይላሉ። እግሬ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚሰማቸው። ሕልሜ ውስጥ ቢጠሩኝ እንኳ አልጋዬ ላይ ፍሬን እረግጣለሁ።»

ነገሩ ተገለበጠ። አባ ቀስታ ሌባ አላዩም። ከመኪናው ኋላ ቆመው አንዲትን ሴት ወደ ኋላ እየመሩ ነበር፤ ቁሚ ብለዋት አልቆመችም።

ልጃቸው የመጣችው ከመንገድ ነው፤ ልብሷ ላይ አቧራው እንዳለ ነው። ኢንስፔክተሯ ያገኘቻት በአባቷ ክፍል ደጃፍ ተቀምጣ ነው፤ ወደ ውስጥ ለመግባት አልደፈረችም።

«እናቴ ስትሞት ጭነት ላይ ነበርኩ» አለች። «ቀብሯ አመለጠኝ። እሱም አኮረፈ፣ እኔም አኮረፍኩ። በዚህ በር ፊት ስንቴ አለፍኩ መሰለሽ? መብራቱ ሲበራ አያለሁ፤ ጥሩምባ ልነፋ እልና እተወዋለሁ።»

«እሑድ የት ነበርሽ?»

«መንገድ ላይ። ብቻዬን። የሚመሰክርልኝ የለም፤ መቼ ኖሮኝ ያውቃል?» ከዚያ ቀና አለች። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ብቻውን ነው የሞተው?»

ኢንስፔክተሯ ሌላ ጊዜ ቢሆን የሆነ ማጽናኛ ትፈልግ ነበር፤ ይህችን ልጅ ግን በባዶ ቃል መሸንገል ነውር መስሎ ታያት።

ወደ መምህሯ ክፍል ስትገባ ትምህርቱ አላለቀም። ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። መምህሯ ቀጠን ያለች፣ ንጹሕ፣ ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ሴት ናት፤ ሰሌዳው ላይ መንገድ ስላ አንዷን ሠልጣኝ አቁማለች።

«ከፊትሽ መኪና መጣ። ምን ታደርጊያለሽ?»

«ዳር እይዛለሁ።»

«አትደናገጪ። መስመርሽን ያዢ። ምንም ቢመጣ ያዢ።»

ሠልጣኞቹ ሲወጡ መምህሯ ለእንግዳዋ ወንበር አቀረበችላት። ግድግዳው ላይ አዲስ መመሪያ ተለጥፏል፤ ከሚመጣው ዙር ጀምሮ ከባድ መኪና መንዳት የማይችል ሰው በክፍልም ቢሆን ማስተማር አይችልም ይላል።

«ደግ መመሪያ ነው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ተገቢ ነው። የሰው ኃይላችን አቅም ማደግ አለበት።» ድምፅዋ የወረቀት ድምፅ ነው።

«እርስዎ ይነዳሉ?»

«እኔ በአውቶቡስ ነው የምመላለሰው።»

«ሌላ ሥራ አይጠፋም መቼም።»

«ሌላ ምን አለኝ?» አለች መምህሯ ወደ ባዶዎቹ ወንበሮች እያየች። «ከዚህ ስወጣ ‹መምህር› የሚለኝ ሰው የለም። ምንም የሚለኝ ሰው የለም።»

ኢንስፔክተሯ «አባ ቀስታ እንዴት ያለ ሰው ነበሩ?» ስትል ጠየቀች።

መምህሯ ፊቷ ፈታ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ታጋሽ። ሲቆጣ እንኳ ድምፁ አይከብድም። ‹ቀስ በይ፣ መንገዱ የትም አይሄድብሽም› ይለኛል።»

ኢንስፔክተሯ አመስግና ወጣች። ኮሪደሩ መጨረሻ ድረስ ግን የዚያች አረፍተ ነገር ግስ ተከተላት።

ሐሙስ ከሰዓት ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሹካ መጣች፣ ልጃቸው መጣች፣ መምህሯም ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ መጣች። ሸምበቆ እጁ በካቴና ታስሮ በሳጅኑ ታጅቦ ወረደ፤ ጥበቃውም በሩን ዘግተው ተጠጉ። ያ መኪና ሞተሩ ተነሥቶ፣ ማርሹ ወጥቶ፣ ጎማው ሥር ታኮ ገብቶለት ቆሟል።

«ምንም አይንቀሳቀስም፣ አትፍሩ» አለች ኢንስፔክተሯ። «በየተራ ጋቢና ውስጥ ትቀመጣላችሁ። ኋላ ቆሜ እመራችኋለሁ። የምላችሁን አድርጉ፤ ሌላ ምንም አልጠይቅም። መምህር፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

መምህሯ ወጥታ ተቀመጠች። ኢንስፔክተሯ ከኋላ ሆና «ነይ፣ ነይ፣ ነይ» አለች፤ ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ያዢ!» ብላ ጮኸች። ከመኪናው ኋላ የተለወጠ ነገር የለም። ጋቢናው ጎን የቆመው ሳጅን ግን የመምህሯ እጆች መሪውን ጭምድድ አድርገው ሲይዙት አየ። ወርዳ ከሌሎቹ አጠገብ ቆመች።

ሹካ ተቀመጠች። «ያዢ!» ሲባል የፍሬኑ መብራቶች ቦግ አሉ።

ልጃቸው ተቀመጠች። «ያዢ!» ቀይ መብራቱ ወዲያው በራ፤ እሷም መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ሸምበቆ ከነካቴናው ወጣ። «ያዝ!» ቀይ።

መምህሯ ይህን ሁሉ ዓይኗን ሳትነቅል አየች። በመጀመሪያው መብራት ግራ ተጋባች፣ በሁለተኛው ፊቷ አመድ መሰለ፣ ሦስተኛው ሲበራ ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ። ከዚያ ቀስ ብላ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች።

«ፍሬን ማለቱ ነበር?» አለች።

ሳጅኑ ካቴናውን ከሸምበቆ እጅ መፍታት እንዳለበት ወይስ እንደሌለበት ስላልገባው ቁልፉን እንደያዘ ቀረ።

«ፍታው» አለችው ኢንስፔክተሯ። «ሸምበቆ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ያንን ቃል ከኋላው ቢሰማ ሌባም ሆኖ፣ ሰክሮም ሆኖ፣ እግሩ ሳያማክረው ፍሬን ይረግጣል። አሁን አይታችሁታል። ደግሞ ሲዘል የተያዘው ከነጀሪካኑ ነው፤ ሞቶ ለተገኘው ሰው ትራስ ያንተራሰው እሱ አይደለም።»

«ጋሼ የሰሙት ‹ያዢ› ነው» ብላ ቀጠለች። «አባ ቀስታ ሴት እያስተማሩ ነበር፤ ለዚያውም ተላጭተው፣ ሸሚዝ ተኩሰው ነው የጠበቋት። ከጠበኛቸው ከሹካ ጋር እሑድ ቀጠሮ አይኖራቸውም። ልጃቸው ብትመጣ ደግሞ የሚነዳ ሰው ናት፤ ምን ያስተምሯታል? ለሁለቱም ቢሆን መብራቱ በርቷል። የቀረችው ‹እርስዎ› የሚሏት ናት። ሳጅናችን እሷን ከተጠርጣሪዎቹ ያወጣት በዚህ ነው፤ እኔም ልቀበለው ምንም አልቀረኝ። ግን መምህር፣ ‹ቀስ በይ ይለኛል› አሉኝ። ‹ይሉኛል› አላሉም፣ ‹ቀስ ይበሉ›ም አላሉም። በሰው ፊት እርስዎ የምትባባሉ ሁለት ሰዎች የሆነ ቦታ አንተና አንቺ ሆናችኋል።»

መምህሯ አንገቷን በአዎንታ ነቀነቀች። «እሑድ እሑድ ነው» አለች። «መመሪያው ሲወጣ ማታ ቤቴ ገብቼ ለማን እንደምናገር አጣሁ። ለእሱ ነገርኩት። አልሳቀብኝም። በጓሮ በር ያስገባኝ ነበር። ወደ ፊት መንዳት ከጎኔ ተቀምጦ አስተማረኝ። ወደ ኋላ ግን ያን ቀን የመጀመሪያችን ነው። ወርዶ ከኋላ ቆመ።»

«ከዚያ ‹ያዢ› አለሽ» አለች ኢንስፔክተሯ። እርስዎ የሚለው ቃል ከአፏ መቼ እንደጠፋ አላወቀችም። «ክፍል ውስጥ ያዢ ማለት መስመርሽን አትልቀቂ፣ እንዳለሽ ቀጥዪ ማለት ነው። ግቢ ውስጥ ያዢ ማለት ፍሬን ነው። ሁለታችሁ አንድ ሠልጣኝ እየተቀባበላችሁ ስታስተምሩ ኖራችሁ፤ ሠልጣኞቹ ሁለቱንም ለምደውታል። እናንተ ብቻ ተጠያይቃችሁ አታውቁም።»

«መሪውን ያዝኩ» አለች መምህሯ። «እንዳዘዘኝ። ደጋግሞ ሲጮህ ይበልጥ አጥብቄ ያዝኩ፤ ጎበዝ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌሊቱን ሁሉ ልክ ያደረግሁት ነገር እንዴት እንደገደለው እጠይቃለሁ።»

«ለምን አልተናገርሽም?» ሸምበቆ ነው። የእጁን አንጓ እያሸ ነበር፤ ድምፁ ግን ቁጣ አልነበረውም፣ ድካም እንጂ። «ልጄን እኮ ነፍሰ ገዳይ ወለደሽ ብለዋታል።»

«ፈራሁ። ነገ እናገራለሁ እላለሁ፣ ነገ ይመጣል፣ ሠልጣኞቹ ‹መምህር› ብለው ይነሡልኛል። ይቅር በለኝ አልልህም። አይገባኝም።»

ሸምበቆ ይቅርታም አላደረገላት፣ አልሰደባትምም። ጥበቃው መሬት መሬት ያያሉ። ያን ጊዜ የአባ ቀስታ ልጅ ከሌሎቹ ተለይታ መጥታ መምህሯ ፊት ቆመች። ሳጅኑ ልትመታት መስሎት ተጠጋ።

«ብቻውን ነው የሞተው?» አለች ልጅቱ።

«አይደለም» አለች መምህሯ። «መኪናውን ወደ ፊት ፈቀቅ አድርጌ ወረድኩ። ገና ነፍሱ አልወጣችም። ራሱን አንተራስኩት። መናገር አልቻለም፤ ግን ያየኝ ነበር። እስኪያልፍ ድረስ አልተነሣሁም።»

ልጅቱ ጎንበስ ብላ የመምህሯን ቦርሳ አነሣችና አቧራውን አራገፈችው።

ሳጅኑ መምህሯን ወደ ፖሊስ መኪናው ወሰዳት። ሸምበቆ በናፍጣው ጉዳይ የዋስ መለቀቂያውን ሊፈርም ፊት ተቀመጠ። መምህሯ ኋላ ወንበር ላይ ጥግ ይዛ ስትቀመጥ የአባ ቀስታ ልጅ በሌላው በር ገባችና አጠገቧ ተቀመጠች።

«አንቺ ወዴት ነሽ?» አላት ሳጅኑ።

«እዚያ ሰው አላት?»

ሳጅኑ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረ። እሷም እንዲተዋት በዓይኗ ጠቀሰችው።

«እርስዎስ? ጠጋ ጠጋ ብለን እንሄዳለን፣ ይግቡ።»

«ሂዱ። እኔ በእግሬ እመጣለሁ።»

መኪናው በበሩ ወጥቶ ሄደ። ኢንስፔክተሯ መንገዱን ይዛ ስትራመድ ሁሌ ጉዳይ ስትፈታ የሚሰማትን ኩራት ጠበቀችው፤ አልመጣም። አባ ቀስታ ሸሚዝ የሚተኩሱላት አንዲት እሑድ ነበረቻቸው። የእሷን ቀናት ከሰኞ ጀምራ አንድ በአንድ አሰበቻቸው፤ ሰው የሚመጣበት ቀን ግን አጣችባቸው።